ሰማንያ አምስት በመቶ ማለት

አለቃዬ ወረቀቱን ወደ መስኮቱ ብርሃን ጠጋ አድርጎ አየውና «ይሄ ነገር ተገልብጧል» አለኝ።

አልተገለበጠም። ወረቀቱ ላይ የነበረው ሦስት መስመር ብቻ ነው። የቀያሾች ቡድናችን ከፋሲካ በኋላ ባሉት ስምንት ሳምንታት ዘጠኝ መቶ ወይም ከዚያ በላይ ማሳ የመለካት ዕድሉ ሃምሳ በመቶ ነው ይላል የመጀመሪያው። ሁለተኛው፣ ሰባት መቶ ወይም ከዚያ በላይ የመለካት ዕድሉ ሰማንያ አምስት በመቶ ነው ይላል። ሦስተኛው፣ ስድስት መቶ ወይም ከዚያ በላይ፣ ዘጠና አምስት በመቶ።

«እርግጠኛነቱ ሲጨምር ሥራው እንዴት ይቀንሳል?» አለ። «እርግጠኛ የሆነ ሰው የበለጠ ነው የሚሠራው።»

የምናወራው ሰዎቹ ስለሚሠሩት ሳይሆን እኛ ስለምንገባው ቃል ነው አልኩት። ትንሽ ቃል የገባ ሰው ቃሉን የመጠበቅ ዕድሉ ሰፊ ነው፤ ብዙ ቃል ከገባ ዕድሉ ይጠባል። አልተዋጠለትም። ምሳሌ ብሰጠው ይሻላል ብዬ፣ ከጎንደር ተነስተህ ደባርቅ በሁለት ሰዓት እገባለሁ ብለህ ለሰው ትምላለህ ወይ፣ በአራት ሰዓትስ፣ ብዬ ጠየቅሁት።

«እኔ በአንድ ሰዓት ተኩል ገብቼ አውቃለሁ» አለ።

«አንድ ቀን ነዋ።»

«ገብቻለሁ ግን።»

እንዲህ ነበር የጀመርነው። ከዚያ በኋላ ለሁለት ወር ያህል ይህንኑ ነገር በተለያየ ልብስ እያለበስኩ አስረዳሁት፤ እሱም በየጊዜው በሌላ በር እየወጣ አመለጠኝ።

ያኔ ጎንደር ውስጥ፣ ከፒያሳ ወረድ ብሎ በሚገኝ ፎቅ ላይ ቢሮ የተከራየ አንድ የመሬት ልኬታ ፕሮጀክት የመረጃ ሠራተኛ ነበርኩ። የምኖረው ከከተማው ወጣ ብላ ባለችው ፀዳ ከእናቴ ጋር ነው፤ ስታቲስቲክስ የተማርኩትም እዚያው ከተማው ዩኒቨርሲቲ ነው። ፕሮጀክቱ በሰሜኑ ወረዳዎች የገበሬውን ማሳ እየለካ ለይዞታ ማረጋገጫ ደብተር የሚሆነውን ካርታ ያዘጋጃል። ስድስት ቀያሾች ነበሩን። የቡድን መሪያቸው ወደ ስልሳ የሚጠጉ፣ ዕድሜያቸውን ተራራ ለተራራ ሲቀይሱ የኖሩ ሰው ናቸው። ጋሼ እላቸዋለሁ። ቅዳሜ ቅዳሜ ጠዋት ኔትወርክ ያለበት ጉብታ ላይ ይወጡና ደውለው የሳምንቱን ቁጥር ይነግሩኛል። አንዱ ሳምንት መቶ አርባ፣ ሌላው ስልሳ ሦስት። አንድ ሳምንት ደግሞ መኪናው ተበላሽቶ መንገድ ላይ ስለቀረ ዜሮ ነበር።

አለቃዬ እነዚህን ቁጥሮች ይደምርና ለሳምንቱ ብዛት ያካፍላል፤ በተገኘው አማካይ ዕቅድ ያወጣል። ዕቅዱ በየሩብ ዓመቱ ይወድቃል። ሲወድቅ ቡድኑ ሰነፈ ይባላል። ጋሼ ይህንን ሰምተው የሚቀጥለውን ሳምንት ቁጥር ይነግሩኛል።

ይሄ ነገር ሰለቸኝ። ከቤት ባዶ የዱቄት ወተት ቆርቆሮ አመጣሁና ያለፉትን ሃያ ሁለት ሳምንታት ቁጥር በየብጣሽ ወረቀት ጽፌ ከተትኩበት። ስብሰባ ላይ አለቃዬ ራሱ እንዲያወጣ አደረግሁ። አንድ ብጣሽ ያወጣል፣ ያነባል፣ መልሶ ይከታል፣ ቆርቆሮውን ይነቀንቃል። ስምንት ጊዜ እንዲህ አድርጎ የወጣው ሲደመር፣ ከፊታችን ሊመጡ ከሚችሉት ስምንት ሳምንታት አንዱን ዓይነት ሆነ ማለት ነው። ደግሞ ሲያወጣ ሌላ ድምር ይመጣል። ኮምፒውተሩ ይህንኑ አሥር ሺህ ጊዜ ይሠራውና ከአሥሩ ሺህ ስንቱ ሰባት መቶ እንደሞላ ይቆጥራል። ሲሙሌሽን የሚሉት ይሄው ነው፤ ሌላ ምሥጢር የለውም። ስምንት ሺህ አምስት መቶው ሰባት መቶ ከሞላ ወይም ካለፈ፣ ሰማንያ አምስት በመቶ እንላለን።

ሁሉም ወደደው። አለቃዬ ትልቅ ቁጥር ባወጣ ቁጥር ዕጣ የወጣለት ያህል ፈገግ ይል ነበር። ትንሽ ሲያወጣ «ይሄ አይቆጠርም፣ ያኔ መኪና ተበላሽቶ ነው» ይላል። መኪናው ደግሞ ላለመበላሸቱ ዋስትና አለህ ወይ ስለው ሳቀ። መሳቁን እንደ መግባባት ቆጠርኩት፤ የመጀመሪያው ስህተቴ እሱ ነበር።

በሁለተኛው ሳምንት ወደ ጠረጴዛዬ መጥቶ ሰማንያ አምስት ጥሩ ውጤት መሆኑን፣ ትንሽ ብንተጋ ግን ዘጠናን እንደምናልፍ ነገረኝ። ለካ እንደ ፈተና ውጤት ነው የያዘው። ውጤት አይደለም፣ ዕድል ነው አልኩት። በሦስተኛው ሳምንት፣ የበላይ አካላት የሚፈልጉት መቶ በመቶ የሆነ ነገር ነውና መቶ አድርጊልኝ አለ። መቶ በመቶ የምተማመንበት ቁጥር ዜሮ ማሳ ነው ብዬ መለስኩለት፤ ዜሮ ወይም ከዚያ በላይ መለካታችን አይቀርም። ይህንን እንደ ስድብ ወስዶት ሁለት ቀን አላናገረኝም።

ጋሼ ግን በስልክ ሁለት ደቂቃ ሳይሞላ ገባቸው። «ከመቶ ጊዜ አሥራ አምስቱን አንደርስም እያልሽ ነው» አሉ። አዎ አልኳቸው። ቀጠሉና እንዲህ አሉኝ፦

«ልጄ፣ እስካሁን የጻፍሽው ሁሉ የደጋው ነው። ከፋሲካ በኋላ ሊማሊሞን ወርደን ዛሪማ ነው የምንገባ። እዚያ ማሳው እንደዚህ ተያይዞ አይደለም። ያንዱን ለክተሽ ወደሌላው ለመሄድ ሸለቆ ታቋርጫለሽ። ሙቀቱም አለ፤ ከረፋድ በኋላ ሰው አይቆምም።»

ከሃያ ሁለቱ ሳምንታት ውስጥ መጥፎዎቹም እንዳሉበት፣ ኮምፒውተሩ እነሱንም እየቀላቀለ እንደሚያወጣ፣ ስለዚህ የዛሪማው ችግር በቁጥሩ ውስጥ እንደገባ አስረዳኋቸው። በጣም በትህትና ነበር የተናገርኩት። አሁን ሳስበው የሚያስቀይመኝ ትህትናዬ ነው፤ አለቃዬ እኔን ሲያስረዳኝ እንደዚያ ነበር የሚያወራው።

«እሺ ልጄ» አሉና ስልኩን ዘጉ።

ፋሲካ አልፎ ቡድኑ ከወረደ ከጥቂት ቀን በኋላ፣ ማተሚያው አጠገብ አንድ የተረሳ ወረቀት አገኘሁ። አለቃዬ ወደ ላይ የላከው የዕቅድ ደብዳቤ ቅጂ ነው። «በቀጣዮቹ ስምንት ሳምንታት ዘጠኝ መቶ ማሳ ይለካል፤ የእርግጠኛነት ደረጃ 85%» ይላል። ከሃምሳው መስመር ትልቁን ቁጥር ወስዶ፣ ከሁለተኛው መስመር ከፍ ያለውን መቶኛ ወስዶ፣ አጋብቷቸዋል። ወረቀቱን ይዤ ገባሁ።

«ሁለቱም ያንቺ ቁጥሮች አይደሉም?» አለኝ።

የእኔ ናቸው፣ ግን አብረው አይሄዱም አልኩት። የአንዱን ሰው ስም ከሌላው ሰው ዕድሜ ጋር እንደመጻፍ ነው። ዘጠኝ መቶ ሲባል ሳንቲም ወደ ላይ ወርውሮ እንደመጠበቅ መሆኑን ነገርኩት። እሱ ደግሞ ቡድኑን ለማነሳሳት ከፍ ያለ ቁጥር እንደሚያስፈልግ ነገረኝ። ለማነሳሳት ከሆነ ምነው መቶኛው አስፈለገ ስለው፣ ሳይንሳዊ እንዲሆን ነው አለ።

ከዚህ የከፋው ከደብዳቤው ጋር የተያያዘው ሠንጠረዥ ነበር። ዘጠኝ መቶውን ለስምንት አካፍሎ፣ የእያንዳንዱ ጎጥ ተራ በየትኛው ሳምንት እንደሚደርስ፣ በየትኛው ቀን ባለማሳውና አዋሳኞቹ በድንበራቸው ላይ መገኘት እንዳለባቸው አውጥቶበታል። ያ ሠንጠረዥ ወደ ቀበሌዎች ተልኮ ነበር። አዋሳኝ የሌለበት ድንበር አይለካም፤ ስለዚህ ማሳ ያለው ሁሉ ለዚያች ቀን አዋሳኝ ዘመዱን ከያለበት ይጠራል።

የመጀመሪያው ቅዳሜ ጋሼ የነገሩኝ ቁጥር ሰባ አንድ ነው። የሁለተኛው ስልሳ። የሦስተኛው አርባ አራት። ሦስቱን ጨምሬ እንደገና ሠራሁት። ሰባት መቶ የመድረስ ዕድላችን ከሰማንያ አምስት ወደ ሃምሳ ወርዷል፤ ዘጠኝ መቶው የሚወራበትም አይደለም። ሮጬ ገባሁ።

«ባለፈው ሰማንያ አምስት አላልሽም?» አለ አለቃዬ።

«ያኔ የማውቀውን ይዤ ነው። አሁን ሦስት ሳምንት አየሁ።»

«እኔ የያዝኩት የመጀመሪያውን ነው። በየሳምንቱ የሚለዋወጥ ነገር ይዤ ሰው ፊት አልቀርብም።»

ማለዳ ሰማዩ ጥርት ብሎ አይተህ ዣንጥላህን ቤት ብትተው፣ ቀትር ላይ ደመና ሲጠቁር የማለዳውን ነው የያዝኩት ብለህ ዝናብ ውስጥ ትቆማለህ ወይ አልኩት። እሱ ዣንጥላ እንደማይወድ ነገረኝ።

በአምስተኛው ሳምንት ማብቂያ ከዛሪማ አካባቢ የቀበሌ ሊቀመንበሩ መደወል ጀመሩ። ሰው ተሰብስቦ ይውላል፣ ቀያሽ የለም። አለቃዬ ጠርቶኝ፣ ሂጂና ለኅብረተሰቡ አስረጂ አለኝ። ለምን እኔ ስል፣ መቶኛው ያንቺ ስለሆነ አለ። ቦርሳዬን አንስቼ ወጣሁ።

ሊማሊሞን ስንወርድ ሾፌሩ ዓይኑን ከመንገዱ አልነቀለም፤ ጠመዝማዛ ገደል ነው። ታች ስንደርስ ሙቀቱ በመስኮት ገብቶ ፊቴን መታኝ። ከመኪና ወርጄ ወደ ቀበሌው ግቢ ሳቀና፣ ጋሼ ያሉኝን ሸለቆ ከነማሳው አየሁት። እዚህ አንድ ቁራጭ የማሽላ መሬት፣ ከዚያ ጥልቅ ሸለቆ፣ ማዶ ላይ ደግሞ ሌላ ቁራጭ። እዚያው ቆሜ ሳለሁ ቁጥሬ ከመነሻው ስህተት እንደነበረ አወቅሁ። የጥሩ ሳምንትና የመጥፎ ሳምንት ጉዳይ አልነበረም። ሃያ ሁለቱም ሳምንታት የሌላ አገር ናቸው።

ግቢው ውስጥ አርባ የሚሆን ሰው የቢሮውን ጥላ ተከትሎ ተቀምጧል። ሊቀመንበሩ ከጎንደር የመጣች ባለሙያ ብለው አስተዋወቁኝ። ገና አፌን ሳልከፍት ከፊት የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ ተነሱ።

«ምነው ሳትመጡ ቀራችሁ?» አሉ።

አጠገባቸው ቁጭ ያለው፣ ሸሚዝና ጂንስ የለበሰው ሰው ታናሽ ወንድማቸው ነበር። ጎንደር አዘዞ የሚኖር የጭነት መኪና ሾፌር ነው። ሁለቱ በአንድ ቀጭን የማሽላ መሬት ምክንያት፣ ስፋቱ አሥር እርምጃ በማይሞላ፣ ዘጠኝ ዓመት አልተነጋገሩም ነበር። በፋሲካ ሽማግሌዎች አስታረቋቸው። ድንጋይ ተከሉ፤ ተለክቶ ካርታ ላይ እስኪሰፍር ግን አንዱም ሙሉ ልቡን አልጣለም። ታናሽየው የእኛን ሠንጠረዥ አይቶ ከአሠሪው አራት ቀን ፈቃድ ለምኖ መጥቷል። ያ ቀን ሦስተኛው ነው። ይህንን የነገሩኝ ሊቀመንበሩ ናቸው፤ ወንድማማቾቹ እርስ በርስ ሳይተያዩ መሬት መሬት እያዩ ይሰሙ ነበር።

ቡድኑ እንደዘገየ ነገርኳቸው፤ ይቅርታ ጠየቅሁ። በሠንጠረዡ ላይ ያለው ቀን መጀመሪያውኑ መጻፍ ያልነበረበት እንደሆነም ነገርኳቸው። ሊቀመንበሩ በዚህ ደነገጡ። ሽማግሌው ግን አልተቀመጡም።

«በቁርጥ ንገሪን፤ መቼ ትደርሳላችሁ?» አሉ።

የዛሪማን አምስት ሳምንታት ብቻ ይዤ መንገድ ላይ በስልኬ የሠራሁት ነገር ነበረኝ። በሁለት ሳምንት ውስጥ እዚህ ጎጥ የመድረሳችን ዕድል ሰባ በመቶ ነው አልኩ። ግቢው አጉረመረመ። መቶኛውን ተውኩትና እንዲህ ብዬ አስተካከልኩት፦ እንዲህ ያለ ቀጠሮ ለአሥር ሰው ብሰጥ ሰባቱ በቀጠሯቸው ይለካላቸዋል፣ ሦስቱ ሳይለካላቸው ይቀራል።

ሽማግሌው ትንሽ አሰቡ። «ሸጋ። ገብቶኛል» አሉ። ከዚያ ቀና ብለው አዩኝ። «እኔ ከየትኞቹ ነኝ? ከሰባቱ ነኝ ከሦስቱ?»

አላውቅም አልኳቸው።

«ታዲያ ማን ያውቃል?»

ቢሮ ውስጥ ለአለቃዬ ሁለት ወር ሙሉ ያልገባው ነገር ለእሳቸው ባንድ ትንፋሽ ገብቷቸዋል። ገብቷቸውም ግን አልጠቀማቸውም። የእኔ ቁጥር የተሠራው ለብዙ ማሳ ነው፤ እሳቸው ያላቸው አንድ ነው። ለእሳቸው የሚሆን መልስ በቆርቆሮው ውስጥ አልነበረም፣ ኮምፒውተሩም አሥር ሺህ ሳይሆን መቶ ሺህ ጊዜ ቢሠራው አያመጣውም። እንደዚያ ቀን ሰው ፊት መቆም ከብዶኝ አያውቅም።

ታናሽየው ተነሳና ነገ ከሰዓት በኋላ ጎንደር መድረስ እንዳለበት፣ ካልደረሰ መኪናውን ለሌላ ሾፌር እንደሚሰጡበት ተናገረ። ታላቅየው ዞረው አዩት። «መጀመሪያውኑ እንዳይለካ ፈልገህ ይሆናል» አሉት ቀስ ብለው። አንድ ሌላ አዛውንት «ተው አያ» ብለው ክንዳቸውን ያዙ። የፋሲካው ዕርቅ ዓይኔ እያየ ሊፈርስ ነው።

ከግቢው ወጥቼ ጋሼ ዘንድ ደወልኩ። ሁለት ሰዓት በእግር በሚያስኬድ ሸንተረር ላይ ነበሩ። ተራ መዝለል ይቻል እንደሆነ ጠየቅኋቸው።

«ይቻላል» አሉ። «እኔና አንድ ቀያሽ ነገ ጠዋት እንመጣለን። የሳምንቱ ቁጥርሽ ግን ይወድቃል።»

«ይውደቅ።»

«እሱስ ይሁን። ሌላው ሰው ‹የእኔስ› ሲልሽ ምን ልትይ ነው?»

ያንን አላሰብኩትም። ተመልሼ የተስማማነውን ስናገር፣ ከኋላ አንዲት በዕድሜ ገፋ ያሉ ሴትዮ ልክ ጋሼ እንዳሉት «የእኔስ?» አሉ። አዋሳኛቸው የታመመ ሰው ነው፤ በሰው ትከሻ ተደግፎ ሁለት ቀን ድንበሩ ላይ ሲቆም ውሏል። የነገው ሁለት ቀያሽ ብቻ ስለሆነ ለእሳቸው እንደማይደርስ፣ ተራቸውን መጠበቅ እንዳለባቸው ነገርኳቸው። ዣንጥላቸውን ዘርግተው፣ ሳይሰናበቱ ሄዱ። ትክክል ሠርቼ ይሁን አይሁን እስከ ዛሬ አላውቅም። ያደረግሁት ፊት ለፊቴ የቆመውን ማስቀደም ነው።

በማግስቱ ማለዳ ጋሼ ሱሪያቸው እስከ ጉልበቱ አቧራ ለብሶ ደረሱ። ወንድማማቾቹን በተተከለው ድንጋይ ግራና ቀኝ አቆሟቸው። ይህ ድንበራችሁ ነው ወይ ብለው በየተራ ጠየቋቸው፤ ሁለቱም አዎ አሉ። ወጣቱ ቀያሽ ከድንጋይ ድንጋይ እየሄደ ነጥቡን ያዘ። ግማሽ ሰዓት አልፈጀም። ታናሽየው ፈረመ፤ ታላቅየው በጣታቸው አተሙ። ቀለሙን በሣር እየጠረጉ «ይኸው ነው?» አሉ።

«ይኸው ነው» አሏቸው ጋሼ።

ዘጠኝ ዓመት ለዚህ ነው ብለው ይሆን ወይስ ሌላ ነገር፣ ሽማግሌው እንደገና ድንጋዩን አዩት። ከዚያ የወንድማቸውን ቦርሳ አንስተው ወደ መንገዱ ይዘውለት ሄዱ። እኛም በዚያው መኪና ታናሽየውን እስከ አዘዞ አደረስነው። መንገዱን ሙሉ ተኝቶ ነበር።

የዚያ ሳምንት ቁጥር ሠላሳ አንድ ሆነ። አለቃዬ ሲሰማ፣ አስረጂ ብዬ ልኬሽ ሥራ አስፈትተሽ መጣሽ አለኝ። ሠላሳ አንዱንም በብጣሽ ወረቀት ጽፌ ቆርቆሮው ውስጥ ከተትኩ። በእውን የሆነ ነውና መግባት አለበት፤ እንዲህ ያለ ሳምንት ደግሞ አይመጣም ማለት አይቻልም።

ሰኔ ሲገባ ዝናቡ ጀመረ፤ ገበሬው ወደ እርሻው፣ ቡድኑ ወደ ጎንደር ተመለሰ። የስምንቱ ሳምንት ድምር አምስት መቶ እንኳን አልሞላም። አለቃዬ ሁሉንም ሰብስቦ፣ ባለሙያዋ ሰማንያ አምስት በመቶ ብላን ነበር አለ። ዘጠኝ መቶውን አላነሳም። ያነሳ ሌላ ሰውም የለም።

ልመልስ የምችለው ነገር ነበረኝ። ሰማንያ አምስት ያለ ሰው አሥራ አምስት ብሏል፤ አንድ ጊዜ ስላልደረስን ብቻ ስሌቱ ውሸት ነው አይባልም። ይህ እውነት ነው፣ ማንም ሊያፈርሰው አይችልም። ግን ከኋላዬ ጋሼ ተቀምጠዋል። ተነሳሁና፣ የአሥራ አምስቱ ጉዳይ አይደለም አልኩ፤ የደጋውን ሳምንት ይዤ ስለ ቆላው ተናገርኩ፤ የቡድን መሪው አስቀድመው ነግረውኝ አልሰማኋቸውም። ሰማንያ አምስቱ ትክክል የሚሆነው የሚመጣው ጊዜ ያለፈውን ሲመስል ብቻ ነው፤ ያ መስመር ከሦስቱ መስመሮች በላይ መጻፍ ነበረበት፣ አልጻፍኩትም።

ከዚህ ሁሉ ንግግር ቃለ ጉባኤው ላይ የሰፈረው «ባለሙያዋ ስህተቷን አምናለች» የሚል ነው። ጸሐፊዋን የቀረውንም ጨምሪበት ብላት፣ ቦታ አልበቃኝም አለች።

ጋሼ ከስብሰባው በኋላ ደረጃው ላይ ጠበቁኝ። ቆርቆሮዬን ይዤ ወደ እሳቸው ክፍል እንድመጣ ነገሩኝ። ክረምቱን በሙሉ ከሰዓት ከሰዓት አብረን ተቀመጥን። አንድ አንድ ብጣሽ እያወጣሁ አነብላቸዋለሁ፤ እሳቸው ያንን ሳምንት ያስታውሱታል። ይሄኛው ገበያ የዋለበት ነው። ይሄኛው ጎጡ ሁሉ ለቅሶ ላይ ነበር። ይሄኛው ደልዳላ ሜዳ ነው፣ እንዲህ ያለ ደግሞ አናገኝም። ለእኔ ቁጥር ብቻ የነበረው ለእሳቸው ሰውና ቦታ ነው። የደጋውንና የቆላውን ለየን። የቆላው ስምንት ብጣሽ ብቻ ሆነ፤ በስምንት ብጣሽ ደግሞ ብዙ መተማመን አይቻልም። ያንንም ጻፍነው።

በጥቅምት የቢሮው የሪፖርት ቅጽ ተቀየረ። በመጨረሻው ዓምድ «የእርግጠኛነት ደረጃ» የሚል ተጨመረበት፤ አለቃዬ ከሌላ ቦታ የመጡ እንግዶች ወደውት እንደሆነ ነገረን። የመጀመሪያዎቹን ቅጾች ስሰበስብ ሁሉም ሰማንያ አምስት ብለው ሞልተዋል። የግዥ ሠራተኛው የመኪና ጎማ ከሚመጣበት ቀን አጠገብ ሳይቀር ሰማንያ አምስት ጽፏል። ከየት አመጣኸው አልኩት። «ማለፊያው እሱ አይደለም እንዴ?» አለኝ። ልቆጣ ፈልጌ ሳቄ መጣ፤ ከዚያ ሳቁም ሄደ።

ለአዲሱ ወቅት የሠራነውን ወረቀት ጋሼና እኔ አብረን ይዘን ወደ አለቃዬ ገባን። ለዛሪማና ለአዲ አርቃይ ጎጦች በስምንት ሳምንት ሦስት መቶ ሰባ ማሳ ወይም ከዚያ በላይ፣ ሰማንያ አምስት በመቶ። ከላዩ ደግሞ ይህ የሚሆነው ያለፉት የቆላ ሳምንታት ከተደገሙ ነው፣ የያዝናቸውም ስምንት ብቻ ናቸው የሚል ዓረፍተ ነገር አለ።

«ይሄ በጣም ትንሽ ነው» አለ።

«ትንሽ ነው» አሉት ጋሼ።

«ከፍ ማድረግ አይቻልም?»

ይቻላል፣ መቶኛው ይወርዳል አልኩት። ወረቀቱን ደጋግሞ አነበበ። ገባው ብዬ ተስፋ አደረግሁ። ከዚያ ሰዓቱን አየና ሌላ ስብሰባ እንደሚጠብቀው ነግሮን ፈረመበት። ሳይገባው እንደፈረመ አውቃለሁ፤ ግን ፈርሟል።

ለቀበሌዎች የሚላከውን ደብዳቤ ራሴ ጻፍኩት። ለማንም ቀን አልቆረጥኩም። ወራቱን ጻፍኩ፣ ቡድኑ አንድ ሳምንት ሲቀረው ለሊቀመንበሩ እንደሚደውል ጻፍኩ፣ እስከዚያ ድረስ ማንም ዘመዱን ከሥራው እንዳይጠራ ለመንኩ። ጋሼ በመጀመሪያው ሳምንት የእኒያን ባለዣንጥላ ሴትዮ ማሳ አስቀደሙ። ቅዳሜ ሲደውሉልኝ ቁጥሩን ከመናገራቸው በፊት የነገሩኝ እሱን ነው። የታመመው አዋሳኝ በክረምቱ ሞቶ ኖሮ፣ በእሱ ቦታ ድንበሩ ላይ የቆመችው ሚስቱ ናት። ሴትዮዋ በጣታቸው አትመው ሄዱ አሉኝ።

የሳምንቱ ቁጥር አርባ ሰባት ነበር። ጻፍኩት።